ሳሙና ያልነካው በርሜል

በእኛ ሰፈር ነጭ የሚባለው የእትዬ አለምወርቅ ነጠላ ነው። የሌላው ሰው ልብስ ነጣ ያለ ይባላል እንጂ ነጭ አይባልም። ሴትዮዋ ሟች ባላቸው ከአጥሩ ጥግ የተከሉትን እንዶድ ፍሬውን ይለቅማሉ፣ ያደርቃሉ፣ ይወቅጣሉ፤ ከዚያ አረፋውን አስነስተው ልብስ ሲዘፈዝፉበት ያ ልብስ ዓይን ይወጋል። ለጥምቀት የቄሶቹ ቀሚስና ጥምጣም ሁሉ ወደ እሳቸው ነው የሚላከው። ሳሙና አይወዱም። ሳሙና ለእሳቸው የሰነፍ ሴት መላ ነው። «ሳሙና ሰው የሠራው፣ እንዶድ እግዜር የሠራው» ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

ይህን ከፊት ያመጣሁት በከንቱ አይደለም። የማወራው ስለ ልጃቸው ስለ ስርጉት ነው። ግን ስርጉትን ያለ እናቷ፣ እናቷንም ያለ እንዶዳቸው ማውራት አይሆንም።

ስርጉት ዐረብ አገር ስትሄድ ልጇ እሌኒ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። የልጅቱ አባት ለሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወደ መተማ ወርዶ በዚያው የቀረ ሰው ነው፤ ስሙን መጥራት አፍ ማበላሸት ነው። ስርጉት ልጅቱን ለእትዬ አለምወርቅ ትታ ኦማን ሰላላ ገባች። ሰላላ እንደ ሌላው ዐረብ አገር አሸዋ ብቻ አይደለም፤ ክረምት አለው፣ ጭጋግ አለው፣ ኮኮናትና ሙዝ እንደ ጉድ ይበቅልበታል። ማዳሟ ከከተማው ወጣ ብሎ የአትክልት እርሻ ነበራት። ስርጉት ለቤት ሥራ ተቀጥራ፣ ቤቱንም እርሻውንም እኩል ስትጠርግ ኖረች። ዐረብ ቤት እንዲያ ነው፤ አንዷን ቀጥሮ የሦስት ሰው ሥራ ማሠራት።

ያንን ነገር ያየችው እዚያ እርሻ ላይ ነው። አንድ የባንግላዴሽ ሰው ከፓፓያው ሥር ትልቅ የዓሣ ገንዳ ሠርቶ፣ ከገንዳው በላይ ጠጠር የሞላበት መደብ ደርድሮ ሰላጣ ተክሎበታል። ፓምፕ ውሃውን ከዓሣው ወደ ጠጠሩ ይገፋዋል። ዓሣው ያሳደፈውን ውሃ ሰላጣው ይመገበዋል፤ ውሃው ጠርቶ ተመልሶ ወደ ዓሣው ይወርዳል። አፈር የለ፣ ማዳበሪያ የለ፣ ውሃው ያው አንድ ውሃ ነው። ስርጉት ጠጠር እያመላለሰች ስታግዘው ሰውየው በተሰባበረ ዐረብኛ አንድ ነገር ደጋግሞ ነገራት፤ ጠጠሩ ላይ የሚይዘውን አረንጓዴ ልጋግ አትንኪ፣ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው። ሳሙና ደግሞ በአጠገቡ እንዳያልፍ።

እንግዲህ ከዐረብ አገር የመጣች ሴት ሻንጣዋ ሲፈታ ሰፈሩ መሰብሰቡ የታወቀ ነው። የስርጉትም ሻንጣ ሲፈታ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ሽቶው ወጣ፣ ሻሹ ወጣ፣ ከመሐል በሁለት ቀሚስ ተጠቅልሎ ሁለት ጡጫ የሚያህል ነገር ወጣ።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አሉ አንዲት ጎረቤት።

«የውሃ ፓምፕ ነው። ዓሣ ላረባበት ነው።»

«ደብረ ታቦር ላይ? በዚህ ብርድ?»

«ኧረ ተያት! ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ» አለ ሌላው፣ ሳቅም ሆነ። ሳቁ ሳያልቅ እሌኒ ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ብቅ ብላ፣ «እማ፣ ይቺ እታለም ማናት?» አለች።

እማ ያለችው አያቷን ነው። እታለም ደግሞ በእኛ አገር ታላቅ እህት የምትጠራበት ነው። ሁሉም እንደገና ሳቀ፣ ስርጉትም አብራ ሳቀች፤ ጓዳ ስትገባ ግን ፊቷን ከግድግዳው አስጠግታ አለቀሰች። ተመልሼ አልሄድም ብላ የቆረጠችው ያኔ ነው። ማዳሟ በሩን አልዘጋችባትም ነበርና፣ እስከ ፋሲካ ድረስ ልትመለሺ ከሆነ ንገሪኝ ብላታለች። ስርጉት እስከ ፋሲካ ዓሣውን አሳድጋ፣ እንጀራዋን እዚሁ አብስላ፣ ከልጇ አፍ «እማ» የምትለዋን ቃል ልትሰማ ነው። ሌላ አልፈለገችም።

ሰው ቆሞ የሚገባበት ሰማያዊ በርሜል ገዝታ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጋር አስጠጋችው። ከላዩ በእንጨት ቆጥ ሠርታ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ሌላ በርሜል አጋድማ ጠጠር ሞላችበት። በላስቲክ ጋረደችው። እትዬ አለምወርቅ መቀነታቸውን አጥብቀው ዞሩት፤ ፈጽሞ አልጣማቸውም።

«እና የዓሣ ሽንት የጠጣ ሰላጣ ልታበይን ነው? እዝጎ!»

«ሽንት አትበይው እማ፤ ማዳበሪያ በይው።»

«ስሙን ብትለውጪው ሽታው ይለወጣል?»

ዓሣውን ያመጣላት ሞላ የሚባል የሐሙሲት ልጅ ነው፤ ከጣና ዳር ዓሣ እየገዛ ለሆቴል የሚያመላልስ። የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት በጀሪካን ሞልቶ፣ በሚኒባስ ጭኖ፣ መንገዱን በሙሉ ጀሪካኑን እንደ ቅል እየናጠ መጣ። ሲያወርድ ይስቃል። «እኛ ዓሣ ስንገድል እንጂ ስናኖር አላየንም» አላት። «እኛ ጋ እኮ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጠው ወንዙ ላይ ይበትኑታል፤ አረፋው ሲነካው ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። አረፋ ያለው ነገር እንዳይነካቸው።»

«ነግረውኛል፤ ሳሙና አላስነካም» አለች ስርጉት። እናቷንም ጠርታ በማርያም አስምላ ነገረቻቸው። «እማ፣ ሳሙና! ሳሙና የነካው እጅ እንኳ እንዳይገባበት!»

«ሳሙና መቼ ነክቼ አውቃለሁና?» አሉ እትዬ አለምወርቅ ተቆጥተው።

እንዶድ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ማን ያስበዋል? በዚያ ቤት እንዶድ ማለት ጥምቀት ነው፣ ንጽሕና ነው።

ኅዳርና ታኅሣሥ መከራዋን አበሏት። የጉና ንፋስ ሲወርድ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይነጣል፤ ዓሣዎቹ ከበርሜሉ ሥር ተቆላልፈው አይንቀሳቀሱም፤ በየጠዋቱ የሞተ ታወጣለች። «የቆላ ፍጥረት ደጋ አምጥተሽ ትፈጂያለሽ» አላት ሰፈሩ። ያዳኗት እናቷ ናቸው፤ ይህን አልክድም። ትኩስ ፍግ አስመጥተው በርሜሉን እስከ ወገቡ ቀበሩት። ፍግ ከውስጡ ይሞቃል፤ እንፋሎቱ ጠዋት ጠዋት ሲወጣ ዓሣዎቹ መዋኘት ጀመሩ። «የናቅሽው ፍግ አዳናቸው» ብለው ጀርባቸውን አዙረው ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓሣዎቹ የእሳቸውም ሆኑ፤ ጎረቤት ሲመጣ ቀድመው የሚያስጎበኙት እሳቸው ናቸው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑ ይቆማል። ፓምፑ ከቆመ ዓሣው አየር ያጥረዋል። ያኔ ስርጉትና እሌኒ በጣሳ ውሃ እየቀዱ ከላይ ያንቆረቁሩበታል፤ አንዷ ሲደክማት ሌላዋ ትቀበላለች። እናትና ልጅ የተዋወቁት በዚያ ጣሳ ነው ብል አልዋሸሁም። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰፈሩ ሲራገም ስርጉት ደስ ይላት ነበር። ልጅቱ ቀስ በቀስ ከአያቷ ጎን ተነስታ ወደ እሷ መጠጋት ጀመረች፤ ለዓሣዎቹ ስም አወጣች፤ ጆሮዋን በርሜሉ ላይ ለጥፋ ታዳምጣቸዋለች።

«እታለም፣ ዓሣዎቹ ካደጉ ዐረብ አገር አትሄጂም?»

«አልሄድም።»

«በማርያም በይ።»

«በማርያም።»

አስናቀ የሚባል ባለ ሆቴል አለ፤ ወሬው ደረሰው። ሁዳዴ ገብቷል። ጾም ላይ ዓሣ ይበላል አይበላም የቄሶቹ ክርክር ነው፤ አስናቀ የሆቴል ሰው ነው፣ የሚጠይቀው አላጣም። ከጣና የሚመጣው ዓሣ ደግሞ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ መላ ቅጡ ጠፍቷል። «መጥቼ ልየው» አላት። «እንደሚወራው ከሆነ ከሆቴሌ ጓሮ ትልቁን እንሠራለን። ጉድጓድ ውሃ አለኝ፣ ጄኔሬተር አለኝ። አንቺ ትመሪዋለሽ።»

ስርጉት እግሯ መሬት ሳይነካ ቤት ገባች። ቆሮሶዎቹ መዳፍ አክለዋል፣ ሰላጣው ተንዠርግጓል፣ እንግዲህ ምን ቀራት? በሥራዋ የምትኖር የዚህ አገር ሰው ልትሆን ነው። ለእሌኒ ነገረቻት፤ እሌኒ ለሰፈሩ ነገረች።

አንድ ሰው ብቻ ጨነቀው። እትዬ አለምወርቅ በርሜሉን ሄደው አዩት። ግድግዳው አረንጓዴ ነው። ጠጠሩ ልጋግ ለብሷል፣ ሲነኩት ያዳልጣል። እንግዳ ሊመጣ! ያውም የሆቴል ሰው፣ ንጽሕና የሚያውቅ! «የአለምወርቅ ቤት ልጋጋም ውሃ አቁረው ቆዩኝ» ሊል ነው። በዕድሜያቸው ቆሻሻ ይዘው እንግዳ ተቀብለው አያውቁም። ለስርጉት ቢነግሯት ደግሞ «ተዪው፣ አይነካም» ትላለች፤ የዛሬ ልጅ ለእንግዳ ክብር መች ያውቃል?

አስናቀ ቤቱን አያውቀውም፤ እንግዳ ደግሞ ሄደው ነው የሚያመጡት። በቀጠሮው ቀን ስርጉት በጠዋት ወጣች። አስናቀ ሥራ ይዞት «ቁጭ በይ፣ መጣሁ» እያለ አስቀመጣት። እሷ የሆቴሉ በረንዳ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ስትቀመጥ እናቷ እቤት ሙቀጫ ላይ ነበሩ። ለፋሲካ ያስቀመጡትን እንዶድ አውጥተው ወቀጡት፣ በውሃ በጠበጡት፤ ጠጠሩን በእፍኝ በእፍኝ እያነሱ አሹት፣ የበርሜሉን ግድግዳ በእንዶድ የተነከረ ጨርቅ እስከሚደርሱበት አበሱት። የተረፈውን ምን ይጥሉታል? ለበረከት ብለው ከላይ ደፉት።

ሲጨርሱ ነጠላቸውን ለብሰው በር ላይ ቆሙ። አስናቀና ስርጉት ከርቀት ሲመጡ ፊታቸው በራ።

«ግባ አያ አስናቀ፣ ግባ! ነይ እዪው ስርጉቴ፣ እንደ መስታወት አድርጌልሻለሁ!»

ስርጉት መጀመሪያ ያየችው አረፋውን ነው። ፓምፑ ውሃውን እየናጠ በርሜሉን እስከ አፉ ነጭ አድርጎታል፤ ሞልቶም በፍጉ ላይ ይወርዳል። እሌኒ በርሜሉ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥላለች።

«እታለም፣ ርቧቸዋል! አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ይከፍታሉ። እንጀራ ፈርፍሬ ብሰጣቸው አልበላም አሉ።»

ስርጉት አረፋውን በሁለት እጇ ገፈፈችው። ዓሣዎቹ ሆዳቸውን ገልብጠው በርሜሉን ሞልተውታል። ጥቂቶቹ ገና አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሽታው አፍንጫዋን ሞላው፤ ከልጅነቷ የምታውቀው የጥምቀት ዋዜማ ሽታ።

«እማ... ምን አስነካሽው?»

«ኧረ ምንም! ሳሙና በዞረበት አላዞርኩትም፣ እንዳልሽኝ። በእንዶድ ነው ያጸዳሁልሽ።»

ፓምፑን ነቅላ ውሃውን መቅዳት ጀመረች፤ አፍስሳ ንጹሕ ልትጨምርበት። የቧንቧ ውሃ ከሄደ ሰንብቷል። «ውሃ! ውሃ ያላችሁ!» ብላ ጮኸች። ጎረቤት ጀሪካን ይዞ ሮጠ፣ እነዚያው ሲስቁባት የነበሩት ሁሉ ሮጡ፣ አስናቀም ኮቱን አውልቆ ተሸከመ። የመጣው ውሃ በረዶ ነው። እሌኒ ጣሳዋን ይዛ ከላይ ታንቆረቁራለች፤ ፓምፕ ሲቆም የሚደረገው እሱ ነዋ፣ የምታውቀው እሱን ነው። ታንቆረቁራለች፣ ዓሣዎቹ አንድ በአንድ አፋቸውን መክፈት ይተዋሉ። ወይ አምላኬ፣ ምን ዓይነት ቀን ነበር!

አስናቀ እጁን በመሀረብ ጠረገ። መጥፎ ሰው አይደለም። «አይዞሽ። ከጣና ሌላ ታስመጫለሽ» አላት፣ መንገዱ በዚያው ሳምንት እንደተዘጋ እያወቀ። ከዚያም ወደ ሆቴሉ ሄደ። ስለ ጓሮው አላነሳም፣ ስርጉትም አላነሳችም።

እትዬ አለምወርቅ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ።

«በእኔ ነው እንዴ ስርጉቴ?»

ስርጉት እናቷን አየቻቸው። ልቧ ውስጥ የነበረው ሁሉ ወደ አፏ መጣ፤ ልትጮህ፣ ልትራገም፣ በርሜሉን ገልብጣ ልትሰብረው። እጃቸውን አየችው፣ ሲያሹ ከመዋላቸው የተነሳ ቆዳው ተልጧል።

«አይደለም እማ። ብርዱ ነው። ትናንት ፓምፑ ቆሞባቸው ነበር፣ ያኔ ነው የተጎዱት።»

«እኔማ እንዶድ ምን ያደርጋቸዋል ብዬ...»

«ብርዱ ነው አልኩሽ።»

እትዬ አለምወርቅ አመኑ። አለዚያም ማመን ፈለጉ። እሌኒ አያቷንና እናቷን በየተራ አየች።

መንገዱ አልተከፈተም፣ ሞላም ስልኩ አይሠራም። ፋሲካ ቀረበ። ስርጉት በየቢሮው ዞረች፣ በየሆቴሉ ዞረች፤ ሳህን አጣቢ እንኳ ሞልቷል ተባለች። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት እውነት ነው። አንድ ቀን ማዳሟ ደወለች፤ ስርጉት ከማድ ቤቱ ኋላ ሄዳ፣ ባዶው በርሜል አጠገብ ቆማ፣ በዐረብኛ እሺ አለች።

በምትሄድበት ቀን እሌኒ አላለቀሰችም። ሻንጣው አጠገብ ቆማ፣ «በማርያም ብለሽ ነበር» አለቻት ብቻ።

«ዓሣዎቹ ካደጉ ነው ያልኩት የእኔ እናት።»

«አድገው ነበር» አለች ልጅቱ።

ስርጉት ጎንበስ ብላ ሳመቻት። እትዬ አለምወርቅ ለመንገዷ ነጠላዋን አጥበው፣ እንደ በረዶ አንጥተው፣ አጣጥፈው ሰጧት። ያንን ነጠላ ስርጉት ሰላላ እስክትደርስ ከሻንጣው አላወጣችውም፤ ሽታውን አልቻለችውም።

ሰላላ አሁንም ክረምቱ አለ፣ ጭጋጉ አለ። የባንግላዴሹ ሰው አገሩ ገብቷል፤ የዓሣ ገንዳው ለስርጉት ተሰጣት። የማዳሟ ዓሣዎች ክንድ ያክላሉ፣ አንድም አይሞትባትም። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ገንዳው ዳር ተቀምጣ በቪዲዮ ደወለች። እትዬ አለምወርቅ ስልኩን ጨብጠው፣ ግማሽ ፊታቸው ብቻ እየታየ፣ «ሁሉ ደህና ነው፣ ቤቱም ደህና ነው» ብለው ግቢውን ያዞሩላት ጀመር። ማድ ቤቱ ታየ። በርሜሉ ታየ፣ ጭድ ሞልተውበታል። አጥሩ ታየ፣ ከጥጉም ጋር በሬ የሚያሾልክ ቀዳዳ።

«እማ፣ አጥሩ ምን ሆነ? እንዶዱስ?»

«ነቀልኩት።»

«አባዬ የተከለውን?»

«ሞላ መጥቶ ነበር» አሉ እትዬ አለምወርቅ። «መንገዱ ሲከፈት ዓሣ ይዞልሽ መጣ፣ የለችም አልኩት። የፊተኞቹ በምን ሞቱ አለኝ። ነገርኩት። እንዶድም ለዓሣ ያው ብርብራ ነው አለኝ።»

ምስሉ ተንቀጥቅጦ እናቷ ላይ ቆመ፤ ትከሻቸው ላይ ያለው ነጠላ ወይቧል። የአለምወርቅ ነጠላ!

«ብርዱ ነው እማ» አለች ስርጉት።

«እሺ ልጄ።»

እሌኒ ስልኩን ነጠቀቻቸውና ፊቷን አስጠጋች። «እታለም፣ ዓሣዎቹን አሳዪኝ!» ስርጉት ስልኩን ወደ ገንዳው አዞረችው። ዓሣዎቹ ከሰላጣው ሥር እየዞሩ ይዋኛሉ፣ ጀርባቸው ያበራል። ልጅቱ ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«እዚያ እንዶድ አለ?»

«የለም።»

«እማም እዚያ የለችም» አለች እሌኒ እያሰበች። «እንግዲያ እነሱስ አይሞቱም።»

ከልጅቱ ኋላ እትዬ አለምወርቅ ቆመው ነበር፤ ሰምተዋል።